ስለ ኮምፒውተር ቅጽና ስለ አዝራሮቹ ታሪክ

በባንክ መስኮት፣ በሆስፒታል ካርድ ክፍል ወይም በዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ፊት ጉዳዩን ለማስፈጸም ተራ ይዞ የቆመ ሰው፣ ሠራተኛው ዓይኑን በስክሪኑ ላይ ተክሎ ስም ሲጽፍ፣ ጾታ ሲመርጥ፣ አድራሻ ሲያስገባና በመጨረሻ «መዝግብ» የሚለውን አዝራር ሲጫን ይመለከታል እንጂ፣ ያ ቅጽ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ነደፈውና ስንት ትውልድ ተሻግሮ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደ ደረሰ ለመጠየቅ ምክንያት አያገኝም። ፕሮግራመሮች በአንድነት ኮንትሮል ብለው የሚጠሯቸው እነዚያ ጥቃቅን አካላት፣ ይኸውም አዝራሩ፣ የጽሑፍ ሣጥኑ፣ የምልክት ሣጥኑና ተዘርጊው ዝርዝር፣ ከመለመዳቸው የተነሣ ሁልጊዜ የነበሩ ይመስላሉ፤ እውነቱ ግን እያንዳንዱ በአንድ ወቅት በአንድ ሰው ልቡና ታስቦ፣ በባልደረቦች መካከል ክርክር ተደርጎበት፣ ኮምፒውተር ነክቶ በማያውቅ ሰው ፊት ተፈትኖ የጸና መሆኑ ነው። የሠሩአቸውም ሰዎች ድካሙን አንድ ጊዜ ደክመው ከኋላቸው ለሚመጣው ፕሮግራመር ሁሉ አወረሱት፤ ውርሱም የአውራሾቹን ልማድ፣ ፊደልና የዘመን አቆጣጠር ሳያስቀር ይዞ መጣ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በግልጽ ካልለየሁ በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቅጹ ጥንታዊ አባት ወረቀት ነው። የመንግሥት ቢሮዎችና የንግድ ቤቶች ሥራቸው እየሰፋ ሲሄድ፣ ጸሐፊው ጉዳዩን እንደ ፈቀደ በሐተታ ከሚተርክ ይልቅ አስቀድሞ በታተመ ወረቀት ላይ በተተወለት ባዶ ስፍራ ብቻ እንዲሞላ ማድረግ ለቆጠራም ለምርመራም የሚቀል መሆኑን ተረዱ። በ1890 ለተደረገው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ኸርማን ሆለሪዝ ያዘጋጀው በቀዳዳ የሚነበብ ካርድ ይህንኑ አሳብ ወደ መኪና አሸጋገረው፤ ዕድሜ፣ ጾታና የትውልድ አገር በካርዱ ላይ እያንዳንዳቸው የተወሰነ ቦታ ነበራቸውና፣ ቀዳዳው የት እንዳለ ማወቅ መልሱን ማወቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰማንያ ዓመት ያህል አልፎ፣ አይቢኤም በ1971 ይፋ ያደረገው 3270 የተባለው የተርሚናል ቤተሰብ ቅጹን ከወረቀት ላይ አንሥቶ በመስታወት ላይ አሰፈረው። በሰፊው የተሠራበት ስክሪን 24 መስመር፣ በየመስመሩም 80 ሆሄ፣ በጠቅላላው 1,920 ሆሄያት የሚይዝ ሲሆን፣ ፕሮግራመሩ አንዱን ስፍራ የተጠበቀ፣ ሌላውን ክፍት አድርጎ ስለሚወስን ሠራተኛው መጠይቁን ራሱን ሊነካው አይችልም ነበር፤ ከአንዱ ክፍት ስፍራ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሞልቶ ከጨረሰ በኋላ አንድ ቁልፍ ሲጫን፣ የሞላው ሁሉ በአንድነት ወደ ዋናው ኮምፒውተር ይሄዳል። የማይነካው መጠይቅና የሚሞላው ባዶ ስፍራ፣ ማለት ዛሬ ሌብልና ቴክስት ቦክስ የምንላቸው ሁለቱ ኮንትሮሎች፣ አዝራርና ማውስ በቢሮዎች ሳይታወቁ ገና በዚህ መሣሪያ ላይ ተለይተው ነበር። የኮምፒውተርን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ዘመን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈው ወደ ሥዕላዊው ስክሪን ይቸኩላሉ፤ እኔ ግን የቢሮ ሰው በስክሪን ላይ መሙላትን የተማረው በዚህ ደረቅና ጌጥ የለሽ ትምህርት ቤት መሆኑን ስለማምን፣ ክብሩ እንዲቀርበት አልፈቅድም።

በስክሪን ላይ የሚታየውን ነገር በእጅ የመያዝ አሳብ ደግሞ ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ነው። አይቫን ሰዘርላንድ በ1963 በኤምአይቲ ለዶክትሬት ማዕርግ ባቀረበው ስኬችፓድ በተባለው ሥራው፣ ቲኤክስ-2 በተባለ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ በብርሃን ብዕር መስመር እየሣለ፣ የሣለውንም እየያዘና እያንቀሳቀሰ፣ ኮምፒውተር በቃል ብቻ ሳይሆን በምልክትም ሊታዘዝ እንደሚችል አስረዳ። በዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት በሳን ፍራንሲስኮ በጉባኤ ፊት ቀርቦ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ባሳየው ትርኢት፣ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ መጀመሪያ ከእንጨት ሠርቶለት የነበረውን ማውስ ከብዙ ሌሎች አዳዲስ አሳቦች ጋር ለሊቃውንቱ አሳየ። ይሁን እንጂ ማውስ ማመልከቻ ነው እንጂ የሚመለከተውን ነገር አይፈጥርም፤ ተጠቃሚው የሚጫነው፣ የሚጎትተውና የሚመርጠው ነገር ገና መታሰብ ነበረበት።

ይህ የታሰበው በአብዛኛው ዜሮክስ በ1970 በካሊፎርኒያ በፓሎ አልቶ ከተማ ባቋቋመው የምርምር ማዕከል ውስጥ ነው። በዚያ በ1973 የተሠራው አልቶ የተባለው ኮምፒውተር፣ ወርዱ 606 ቁመቱ 808 ነጥብ የሆነ፣ እንደ አንድ ገጽ ወረቀት ወደ ላይ የቆመ ስክሪን ነበረው፤ እያንዳንዱም ነጥብ ለብቻው ሊጠቁርና ሊነጣ ይችል ስለ ነበር፣ ፊደልና ሥዕል በአንድ ሰሌዳ ላይ እንደ ልብ ይሰፍሩበት ጀመር። አላን ኬይና ባልደረቦቹ ስሞልቶክ የተባለውን ቋንቋ ከመስኮቶቹ ጋር ያበለጸጉት በዚሁ ማዕከል ነው። በ1979 ደግሞ ከኖርዌይ በእንግድነት የመጣው ትሪግቬ ሬንስካውግ፣ መረጃው ራሱ፣ መረጃው የሚታይበት ገጽና የተጠቃሚውን ትእዛዝ የሚቀበለው ክፍል ሦስቱ ተለያይተው እንዲጻፉ የሚያዝዘውን ሥርዓት ደነገገ፤ ይህ ምክር በኋላ ዘመን ምን ያህል እንደ ተዘነጋ ወደ ፊት እመለስበታለሁ።

ማዕከሉ የደከመበት ነገር ለገበያ የወጣው በ1981 ስታር በተባለው የቢሮ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ዋጋው ከ16,000 ዶላር በላይ ነበር። በስታር ላይ የአንድን ጽሑፍ የፊደል መጠን ወይም ቅርጽ ለመለወጥ የሚሻ ሰው ትእዛዝ በቃል መያዝ አያስፈልገውም ነበር፤ የዚያ ነገር ባሕርያት ተዘርዝረው የተጻፉበት ገጽ ይከፈትለታል፣ ምርጫዎቹ በትንንሽ ሣጥን ተከበው ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ የተመረጠው ይጠቁራል፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ማናቸውም ፕሮግራመር ለምርጫና ለማስተካከያ የሚሠራው ቅጽ የዚህ ገጽ ቀጥተኛ ተወላጅ ነው።

ስቲቭ ጆብስና የአፕል ባልደረቦቹ በ1979 መጨረሻ ማዕከሉን ጎብኝተው በ1983 በ9,995 ዶላር ሊሳን፣ በጃንዋሪ 1984 ደግሞ በ2,495 ዶላር ማኪንቶሽን አወጡ። ለዚህ ሐተታ የማኪንቶሽ ቁም ነገር ሮም በሚባለው በማይሰረዘው ማኅደሩ ውስጥ ተቀርጾ የመጣው ነገር ነው። ያ ማኅደር 64 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን፣ አዝራርን፣ የምልክት ሣጥንን፣ የሬዲዮ አዝራርንና የገጽ ማንሸራተቻን የሚሥሉና የሚያስተዳድሩ ትእዛዛት በውስጡ ተጽፈው ስለ ነበር፣ ለማኪንቶሽ የሚጽፍ ፕሮግራመር ሁሉ አዝራርን ራሱ ከመሣል ይልቅ ከዚያ ይጠራው ነበር፤ በዚህም ምክንያት አንዱን ፕሮግራም የተማረ ሰው ወደ ሌላው ሲሻገር እንግዳ አይሆንም።

የአዝራሩን ጠባይ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው በውስጡ ያለውን ርኅራኄ ያስተውላል። ተጠቃሚው የማውሱን ቁልፍ በአዝራሩ ላይ ሲጫን አዝራሩ ይጠቁራል እንጂ ትእዛዙ ገና አይፈጸምም፤ ትእዛዙ የሚፈጸመው ጣቱን ሲያነሣ ነው። ጣቱን ሳያነሣ አሳቡን ከለወጠ፣ ማውሱን ከአዝራሩ ክልል ውጭ ሲያወጣው አዝራሩ ወደ ቀድሞ ንጣቱ ይመለሳል፣ በዚያ ቢለቀውም አንዳች ነገር አይደርስም፤ ከተጫነው በኋላ እንኳ ለሚጸጸት ሰው የንስሐ ጊዜ ተትቶለታል። በዚህም ላይ በዚያ ጊዜ ሊሠራ የማይገባው አዝራር ደብዝዞ ይታያል፣ ተጠቃሚው ሊመርጠው ይችላል ተብሎ የሚታሰበው ዋና አዝራር ደግሞ በወፍራም ክፈፍ ይከበባል፣ በቁልፍ ሰሌዳውም ላይ ሪተርንን መጫን እርሱን እንደ መጫን ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ሕግ በሕይወት ያለ ሰው እጅ እንዴት እንደሚያመነታ ተመልክተው ያወጡት ሕግ ነው፤ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላም በጠረጴዛ ኮምፒውተር ቅጾች ላይ እስካሁን ይሠራል።

የሬዲዮ አዝራር ስሙን ያገኘው ከጥንት የመኪና ሬዲዮ ነው። በዚያ ሬዲዮ ላይ ጣቢያ የሚመረጥባቸው ቁልፎች በሜካኒክ የተያያዙ ስለ ነበሩ አንዱ ወደ ውስጥ ሲገፋ ቀድሞ የገባው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሁለት ጣቢያ በአንድ ጊዜ መስማት አይቻልምና። ስለዚህ ከብዙ አንዱ ብቻ ለሚመረጥበት ጥያቄ ክቡ የሬዲዮ አዝራር፣ ብዙውን በአንድነት መምረጥ ለሚፈቀድበት ደግሞ አራት ማዕዘኑ የምልክት ሣጥን ይሁን የሚለው ልማድ ጸና፤ ይህን ልዩነት ያልጠበቀ ቅጽ ዛሬም ተጠቃሚውን ያሳስታል።

ማይክሮሶፍት በኖቬምበር 20 ቀን 1985 ያወጣው ዊንዶውስ 1.0 በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ያዘ። በዊንዶውስ ሥርዓት ኮንትሮሉ ራሱ መስኮት ነው፤ አዝራሩም፣ የጽሑፍ ሣጥኑም፣ ዝርዝሩም በአንድ ወላጅ መስኮት ሥር የሚኖሩ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሲነካ ለወላጁ መለያ ቁጥሩን ይዞ መልእክት ይልካል፣ ወላጁም ቁጥሩን አይቶ ማን እንደ ተናገረ ይለያል። ከጽሑፍ ሣጥንና ከዝርዝር ተዋሕዶ የተሠራው ኮምቦ ቦክስ በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር በዚህ ቤተሰብ ላይ ተጨመረ። ዳያሎግ ቦክስ የሚባለው የመገናኛ ቅጽ መለኪያም በነጥብ ሳይሆን በፊደል ነበር፤ አግድሙ ከፊደሉ አማካይ ወርድ አንድ አራተኛ፣ ቁመቱ ከፊደሉ ቁመት አንድ ስምንተኛ እየሆነ ይሰፈራልና፣ ፊደሉ ሲተልቅ ቅጹም አብሮት ይተልቃል። ይህን ያሰቡት መሐንዲሶች ከጊዜያቸው ቀድመው ነበር ማለት ይቻላል፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣው ምቾት ይህን ጥበብ ለብዙ ዓመት አስረስቶታልና።

ይሁን እንጂ ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር። የቀድሞ ቁም ጸሐፊ አንድ ቃል ከመጻፉ አስቀድሞ ቆዳውን ወጥሮና ፍቆ፣ መስመሩን አስምሮ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብዕሩን ቀርጾ መሰናዳት እንደ ነበረበት ሁሉ፣ የዚያ ዘመን ፕሮግራመርም በሲ ቋንቋ ባዶ መስኮት ብቻ ለማሳየት የመስኮቱን ዓይነት ማስመዝገብ፣ መስኮቱን መፍጠር፣ መልእክት እየተቀበለ የሚያከፋፍል ዙር መጻፍና ለእያንዳንዱ መልእክት መልስ ማዘጋጀት ነበረበት። አዝራሩ የሚቀመጥበትን ቦታ በቁጥር ጽፎ፣ ኮዱን አስተርጉሞ፣ ፕሮግራሙን አስነሥቶ ሲያየው ወደ ግራ የዘመመ ከሆነ ቁጥሩን ለውጦ ሁሉን ከመጀመሪያው ይደግማል። የባንክን ወይም የመጋዘንን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በዚህ በር ሊገባ አይችልም ነበር፤ በሩን የሚያውቀውም ሰው የባንኩን ሥራ አያውቅም።

መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በፈረንሳይ፣ ኢንሪያ በተባለው የመንግሥት የምርምር ተቋም የነበረው ዣን ማሪ ኡሎ፣ ፕሮግራመሩ አዝራርንና የጽሑፍ ሣጥንን በማውስ እየጎተተ በቅጹ ላይ እንዲያሰፍር የሚያስችል መሣሪያ በሊስፕ ቋንቋ ሠራ፤ በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ አሳቡ ኢንተርፌስ ቢልደር በሚል ስም በ1988 ከቀረበው የኔክስት ኮምፒውተር ጋር ወጣ። ቲም በርነርስ ሊ በ1990 በሰርን የመጀመሪያውን የድር ማሰሻ ለመጻፍ የመረጠው ኮምፒውተር ይኸው ኔክስት መሆኑ ብዙ ይናገራል።

ሁለተኛው አላን ኩፐር ነው። ይህ የካሊፎርኒያ ሰው በመጀመሪያ ያሰበው ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች መነሻ ገጽ ለመሥራት ነበር፤ ነገር ግን ያነጋገራቸው ሰዎች ፍላጎት እርስ በርሱ ስለ ተለያየበት፣ ለሁሉ የሚሆን አንድ ገጽ ከመሥራት ይልቅ እያንዳንዱ የራሱን ገጽ የሚሠራባቸውን ክፍሎች በጎን ደርድሮ መስጠት ይሻላል ወደሚል አሳብ ደረሰ። በ1988 ለቢል ጌትስ አሳየው፤ ማይክሮሶፍትም ሩቢ የሚል የሥራ ስም የተሰጠውን ይህን መሣሪያ ገዝቶ፣ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ በ1964 በዳርትማውዝ ኮሌጅ ሳይንስ ላላጠኑ ተማሪዎች ጭምር ብለው ከፈጠሩት ከቤዚክ ቋንቋ ጋር አጋባው። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው ቪዥዋል ቤዚክ በሜይ 20 ቀን 1991 በአትላንታ ከተማ ለሕዝብ ተገለጸ።

ቪዥዋል ቤዚክን የከፈተ ሰው በመካከል በነጠብጣብ የተሞላ ባዶ ግራጫ ቅጽ፣ በግራ በኩል ኮንትሮሎቹ በትንንሽ ሥዕል የተደረደሩበት የመሣሪያ ሣጥን፣ በኋላ በወጡትም እትሞች በቀኝ በኩል የእያንዳንዱ ባሕርይ የተዘረዘረበትን ሰንጠረዥ ያገኛል። የአዝራሩን ሥዕል መርጦ በቅጹ ላይ አራት ማዕዘን ሲጎትት አዝራሩ ወዲያው በነጠብጣቦቹ ተሰልፎ ይቆማል፣ ስሙም ኮማንድ1 ይባላል፤ ሁለተኛው ኮማንድ2፣ የጽሑፍ ሣጥኑ ቴክስት1 እየተባለ ይቀጥላል። አዝራሩን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲጫነው ደግሞ የኮድ ገጽ ይከፈታል፣ መግቢያውና መዝጊያው ተጽፎ፣ ከመካከላቸው «ይህ አዝራር ሲጫን ምን ይሁን?» እንደሚል አንድ ባዶ መስመር ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቀዋል። ፕሮግራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚነበብ ድርሰት መሆኑ ቀርቶ፣ ተጠቃሚው በፈለገው ቅደም ተከተል ለሚያደርገው ነገር ሁሉ መልስ እየሰጠ የሚኖር አገልጋይ የሆነው በዚህ መስመር ላይ ነው። በዚህ መሣሪያ የሒሳብ ሠራተኛው፣ የመጋዘን ኃላፊውና የላቦራቶሪ ባለሙያው የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው በቅጽ አወጡት፤ ከዚህ የሚበልጥ ልግስና በፕሮግራም ሥራ ታሪክ ውስጥ ተደርጎ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ።

ኩፐር ኮንትሮሎቹን ከዋናው ፕሮግራም ውጭ የሚጫኑ አድርጎ ነድፏቸው ስለ ነበር፣ ሌሎች ድርጅቶች ቪቢኤክስ በሚባለው፣ በኋላም በ1995 ከአራተኛው እትም ጀምሮ ኦሲኤክስ በተባለው ሥርዓት የራሳቸውን ኮንትሮል እየሠሩ ይሸጡ ጀመር፤ ሰንጠረዡ፣ ግራፉ፣ የቀን መምረጫው እንደ ሸቀጥ በገበያ ወጣ። ሆኖም ቅለቱ የራሱን ደዌ አመጣ። አዝራሩን ሁለት ጊዜ መጫን እጅግ ቀላል ስለ ነበር፣ የወለድ ስሌቱም፣ የመረጃ ቋቱ ጥያቄም፣ የስሕተት ማስጠንቀቂያውም ሁሉ በአዝራሩ ሥር ተከመረ፤ ያው ስሌት በሌላ ቅጽ ሲያስፈልግ ተገልብጦ ይለጠፋል፣ የወለዱ መጠን ሲለወጥም በአንዱ ታርሞ በሌላው ይረሳል። ሬንስካውግ በ1979 መረጃውንና መታያውን ለዩ ያለው ስለዚህ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን በየቢሮው የታየው ቸልተኝነት የታብን ቅደም ተከተል የሚመለከት ነው። ቀኑን ሙሉ መቶ ሰው የሚመዘግብ ሠራተኛ ማውስ ለማንሣት ጊዜ የለውም፤ ስም ጽፎ የታብ ቁልፍ ሲጫን ወደ አባት ስም፣ ደግሞ ሲጫን ወደ አያት ስም እንዲያልፍ ይጠብቃል። እያንዳንዱ ኮንትሮል የታብ ተራውን የሚያገኘው በቅጹ ላይ በተቀመጠበት ጊዜ ነውና፣ ፕሮግራመሩ ቅጹን ከጨረሰ በኋላ «የአያት ስም ተረስቷል» ተብሎ አንድ ሣጥን በመካከል ሲያስገባ፣ ሣጥኑ ለዓይን በሦስተኛው መስመር ቢቆምም በተራው የመጨረሻ ይሆናል። ሠራተኛው ከአባት ስም ቀጥሎ ታብ ሲጫን ብልጭታው ወደ ስልክ ቁጥር ይዘላል፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሣ የሚጽፍ ከሆነም የአያቱ ስም በስልኩ ቦታ ይሰፍራል። አንድ ቁጥር ማስተካከል የሚፈታው ነገር ነበር፤ ግን የሚያስተካክለው ሰው ራሱ ቅጹን ከአምስት ጊዜ በላይ አልሞላውም።

ቦርላንድ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1995 ያወጣው ደልፋይ ይህንኑ የአሠራር ብልሃት በፓስካል ቋንቋ ላይ መሠረተ፤ በእርሱም ዘንድ ኮንትሮሎቹ ራሳቸው በዚያው ቋንቋ የተጻፉ ስለ ነበሩ ባለሙያው ከፍቶ ያነባቸውና አሻሽሎ የራሱን ይወልድባቸው ነበር። ዋናው አርክቴክቱ ዴንማርካዊው አንደርስ ሃይልስበርግ በ1996 ወደ ማይክሮሶፍት ተሻግሮ ዶት ኔት በተባለው የፕሮግራም መሠረትና ሲ ሻርፕ በተባለው ቋንቋ ሥራ ላይ መሪ ሆነ፤ በፌብሩዋሪ 2002 ከዶት ኔት ጋር የወጣው ዊንዶውስ ፎርምስ የተባለው የቅጽ መሥሪያ የደልፋይን መልክ የሚያስታውሰውም ስለዚህ ነው። በዚህ አዲስ ቅጽ ላይ ኮንትሮሉ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ሊታሰር ወይም አንዱን ወገን ሊሞላ ይችላል፤ መስኮቱ ሲሰፋ የጽሑፍ ሣጥኑም ይሰፋል፣ «መዝግብ» የሚለው አዝራርም ከታች ከቀኙ ማዕዘን ሳይለይ አብሮ ይሄዳል። በዩኒክስ ዓለም ሞቲፍ ከተባለው የኮንትሮሎች ስብስብ ጀምሮ፣ በኋላም ሁለት ኖርዌያውያን መሠረቱን ጥለው በ1995 ባወጡት ኪውት፣ ኮንትሮሎችን በነጥብ ቁጥር ሳይሆን በእርስ በርስ ዝምድናቸው ማሰለፍ አስቀድሞ የተለመደ ነበር። ዊንዶውስ ፎርምስ ምንጭ ኮዱ በ2018 መጨረሻ ለሁሉ ክፍት ሆኖ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል።

ይህ ውርስ ወደ ኢትዮጵያ ሲደርስ ያጋጠመው ፈተና በመጀመሪያ የፊደል ነበር። 33ቱ ፊደላት በየሰባት ድምፃቸው ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ 20ዎቹ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ፣ በአንድ ባይት ከሚገኙት 256 ቦታዎች፣ ያውም ብዙዎቹ ለሌላ አገልግሎት ከተያዙት፣ ያልፋሉ። ስለዚህ የጥንቶቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ እያለበሱ፣ አንዳንዶቹም በሁለት ፎንት እየከፈሉ ይሠሩ ነበር። በቪዥዋል ቤዚክ ተራ የጽሑፍ ሣጥን ግን በአንድ ጊዜ አንድ ፎንት ብቻ ይቀበላል፤ በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚቀመጠውም የላቲኑ ምልክት እንጂ ግዕዙ አልነበረምና፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሰዎቹ ስም ትርጉም በሌለው የላቲን ፊደል ትርምስ ይታያል፤ በስም ፊደል ተራ ደርድር ሲባልም ድርደራው ከሀ እስከ ፐ ያለውን ሥርዓት አያውቅም።

ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር ሥርዓት፣ በሴፕቴምበር 1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታዎችን በቋሚነት ሰጠ። ሆኖም በ1998 የወጣውና በየቢሮው ተሰራጭቶ የነበረው የቪዥዋል ቤዚክ ስድስተኛ እትም፣ በውስጡ ጽሑፍን በዩኒኮድ የሚይዝ ሲሆን፣ ኮንትሮሎቹ ግን ጽሑፉን ከማሳየታቸው በፊት ወደ ዊንዶውስ የአንድ ባይት ሠንጠረዥ ይመልሱት ነበር፤ ለግዕዝ ፊደል ደግሞ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ፈጽሞ አልተሠራለትም። ስለዚህ ከመረጃ ቋቱ ትክክለኛ ሆኖ የወጣው «ወለተ ማርያም» የሚል ስም በጽሑፍ ሣጥኑ ውስጥ ሲደርስ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይታያል፤ በዚያው ላይ «መዝግብ» ቢጫኑ የጥያቄ ምልክቶቹ ተመልሰው በስሙ ቦታ ይጻፋሉ። ዊንዶውስ ፎርምስ ጽሑፍን ከዳር እስከ ዳር በዩኒኮድ ስለሚይዝ ይህ ችግር ተወገደ፤ የኢትዮጵያ ሁለተኛው ሺህ ዘመን በተፈጸመበት በ2007 ለሕዝብ የተሸጠው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ንያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳን ከራሱ ጋር ይዞ መጣ።

ከፊደል ቀጥሎ የስምና የቀን ጉዳይ አለ። በአሜሪካ የተነደፈ ቅጽ የግል ስምና የቤተሰብ ስም የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ሲኖሩት፣ በእኛ ዘንድ የግለሰቡ ስም ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ሦስት ሣጥን ይጠይቃል፤ ሁለቱን ብቻ ያገኘ መዝጋቢም የአያቱን ስም ከአባቱ ጋር አጣብቆ ይጽፋል፣ ሌላው መዝጋቢ ይተወዋል፣ አንዱ ሰውም በሁለት መዝገብ ሁለት ሰው ይሆናል። ዊንዶውስ ፎርምስ ለቀን መምረጫ የሚሰጠው ዴትታይምፒከር የተባለው ኮንትሮል የመጨረሻው የኋላ ወሰኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 1753 ነው፤ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር የተቀበሉት በ1752 ስለ ሆነ፣ በእነርሱ ዘንድ ቀጥሎ ያለው ዓመት በአዲሱ አቆጣጠር የመጀመሪያው ሙሉ ዓመት ነው። የአንድ አገር የአዋጅ ታሪክ እንዲህ ባለ ጥቃቅን መሣሪያ ውስጥ ተቀብሮ በዓለም ሁሉ ዞረ። ዶት ኔት የዕብራውያንን፣ የሂጅራን፣ የፋርስን፣ የጃፓንንና የሌሎችንም አቆጣጠር የሚያውቁ ክፍሎች በውስጡ ሲይዝ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን አልተካተተበትም።

ስለዚህ የልደት ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመዘግብ ቅጽ ለመሥራት ቀላሉ መንገድ ሦስት ኮምቦ ቦክስ ጎን ለጎን ማቆም ነው፤ አንዱ ለቀን፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ለ13ቱ ወራት፣ ሦስተኛው ለዓመተ ምሕረቱ። የቀኑ ዝርዝር ለ12ቱ ወራት እስከ 30 ይሞላል፤ ወሩ ጳጉሜን ሲሆን ግን የወሩ ኮምቦ ቦክስ መለወጡን የሚሰማው ኮድ የቀኑን ዝርዝር አጥፍቶ ዓመቱን ለ4 ያካፍላል፤ ቀሪው 3 ከሆነ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነውና ዝርዝሩ እስከ 6፣ ያለዚያ እስከ 5 ይሞላል። ተጠቃሚው ወሩን አስቀድሞ መርጦ ዓመቱን በኋላ ሊለውጥ ስለሚችል፣ ይኸው ስሌት ከዓመቱ ኮምቦ ቦክስ ጋርም መታሰር አለበት፤ ይህን የረሳ ፕሮግራመር በዘመነ ማርቆስ ጳጉሜን 6 የተወለደ ሕፃን ይመዘግባል። ባሕረ ሐሳብን የተማሩ ሊቃውንት በቃላቸው የሚያውቁት ስሌት በዚህ መንገድ በሁለት ክስተት ሥር በኮድ ይጻፋል። ሦስቱ ኮምቦ ቦክሶችና ስሌታቸው በአንድ ዩዘር ኮንትሮል ውስጥ ሲታሰሩ ደግሞ፣ ከውጭ እንደ አንድ ኮንትሮል ይታያሉ፣ በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ከአዝራሩና ከጽሑፍ ሣጥኑ ተርታ ይሰለፋሉ፤ የትምህርት ቤቱን፣ የክሊኒኩን ወይም የዕድሩን መዝገብ የሚሠራው ቀጣዩ ሰውም ከዚያ ጎትቶ በቅጹ ላይ ያሰፍራቸዋል።